ዋስ ያጡት ሰባት ክላስተሮች

ጡረታ በወጣሁ ሰሞን ደሴ ሰኞ ገበያ በርበሬ ልገዛ ገብቼ አንዲት ሻጭ ለየችኝ። ኩታበር ሳለሁ ፊዚክስ ያስተማርኳት ልጅ ናት፤ ዛሬ ትልልቅ ልጆች አድርሳለች። ጡረታ መውጣቴን ስነግራት እስከ ዛሬ የት እንደነበርኩ ጠየቀችኝ። ኮምቦልቻ፣ ዩኒቨርሲቲ፣ የከዋክብት ጥናት ላይ ነበርኩ አልኳት። ሚዛኗን አስቀመጠችና ጠጋ ብላ፣ ትልቋ ልጇ የመጣውን ባል ሁሉ እየመለሰች እንዳስቸገረቻት ነግራኝ ኮከቧን እንድመለከትላት ለመነችኝ። የእኔ ሥራ እንደዚያ ያለ እንዳልሆነ ሳስረዳት ጥቂት ቆየን። ሲገባት አዘነችልኝ። "ይሄን ሁሉ ዘመን የአንድ ሰው ኮከብ እንኳ ሳያዩ?" አለችና በርበሬው ላይ ምርቃት ጨመረችልኝ።

ቤቴ ገብቼ ሳቅሁ፤ ቆይቶ ግን ነገሩ ከነከነኝ። እህቶቼም ጎረቤቶቼም፣ አላህ ይዘንለትና ባለቤቴም ቢሆን፣ ምን ስሠራ እንደኖርኩ በቅጡ አላወቁም። ሁሉም ሌሊት ሌሊት ጣሪያ ላይ ወጥቼ ሰማይ የማንጋጥጥ ይመስላቸዋል። እውነቱን ለመናገር እኔ የቢሮ ሰው ነበርኩ። ጠዋት ገብቼ ማታ ስወጣ፣ በሌሊቱም እንደ ማንኛውም የመንግሥት ሠራተኛ ስተኛ ኖሬያለሁ። ሌሎች በሩቅ አገር በትልልቅ መነጽርና በሳተላይት የለኩትን ከኢንተርኔት አውርጄ እፈትሽ ነበር። ሥራዬ በአጭሩ የዝምድና ጉዳይ ነው፤ የትኛው የከዋክብት መንደር ከየትኛው ቤት እንደመጣ ማጣራት። ይህን ጽሑፍ የምጽፈው በርበሬ ሻጯም ብታነብበው እንዲገባት አድርጌ ነው።

የጀመርኩት ኩታበር ነው። ተወልጄ ያደግሁት ሐርቡ ስለሆነ ብርድ የሚባል ነገር አላውቅም ነበር፤ ኩታበር አስተማረኝ። ርእሰ መምህሩ ቆፍጣና ሰው ነበሩ። የፊዚክስ ክፍለ ጊዜሽ አይሞላም ብለው ስፖርት ደረቡልኝ፤ በረጅም ቀሚስና በሻርፕ መረብ ኳስ ያስተማርኩ እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። ግን በአንድ ነገር እስከ ዛሬ አመሰግናቸዋለሁ። የማስተማሪያ ዕቃ የለም እያልኩ ሳማርር ግቢው መሐል የቆመውን የባንዲራ እንጨት አሳይተውኝ፣ ይህም ጥላ አለው፣ አስለኪያቸው አሉኝ። እኔና ተማሪዎቼ የእንጨቱን ጥላ ከጠዋት እስከ ቀትር እየተከታተልን ለካን፤ ፀሐይ በየወሩ ምን ያህል ከፍና ዝቅ እንደምትል አወቅን። ከሰማይ ጋር የተዋወቅሁት በዚያ እንጨት ነው።

ከኩታበር ወደ ሐርቡ፣ ከሐርቡ ወደ ደሴ ተዛወርኩ። ስለ ዝውውር ወረቀትና ስለ ደመወዝ አልጽፍም፤ የመንግሥት ሥራ የሠራ ሁሉ ያውቀዋል። ደሴ ሳለሁ በክረምት በክረምት እየተማርኩ ሁለተኛ ዲግሪዬን ያዝኩና ኮምቦልቻ ያለው ግቢ ለመምህርነት ተቀበለኝ። ጋሽ ይመርን ያገኘኋቸው እዚያ ነው።

ጋሽ ይመር የደሴ ልጅ ናቸው። ውጭ አገር ተምረው ዶክተር ከሆኑ በኋላ እናታቸውን ሊጦሩ ተመለሱ፤ እናታቸው ካረፉም በኋላ አልሄዱም። ስማቸውን የሰማ ሰው ሙስሊም ይላቸዋል፤ እሳቸው ግን ሰንበት የማይቀርባቸው ቤተ ክርስቲያን ሳሚ ናቸው። አያታቸው ናቸው በሚወዱት ጎረቤታቸው ስም የሰየሟቸው። አንድ ጊዜ ከአዲስ አበባ የመጣ እንግዳ፣ እንዳላስቀይማቸው ብሎ፣ የሙስሊም ሥጋ ቤት ይዟቸው ገባ። ጋሽ ይመር ምንም ሳይሉ ሽሮ አዘዙ። እንግዳው ለምን ሥጋ እንደማይበሉ ሲጠይቃቸው ሆዴን ቁርጠት ይዞኛል አሉት። በማግስቱ ክፍል ገብተው ታሪኩን ለተማሪዎች ነገሩና፣ ስም ምስክር አይሆንም፣ የተቀመጡበት ቦታም ምስክር አይሆንም ብለው የዕለቱን ትምህርት ከዚያ ጀመሩት።

ትምህርቱ ይህ ነው። ፀሐያችን ያለችበት ጋላክሲ፣ ፍኖተ ሐሊብ የምንለው፣ የዛሬውን ያህል ሆኖ አልተወለደም። በረጅም ዘመን ውስጥ ትንንሽ ጋላክሲዎች እየመጡ ገብተውበት ነው የተለቀው። የገቡት ጋላክሲዎች ፈርሰው ከዋክብታቸው ተበትነዋል። ይሁን እንጂ ቤት ሲፈርስ የማይፈርስ ነገር አይጠፋም። በመቶ ሺህ የሚቆጠሩ ከዋክብት አንድ ላይ ተወልደው፣ በገዛ ስበታቸው ተያይዘው፣ ድብልብል ብለው የሚኖሩባቸው መንደሮች አሉ፤ ክላስተር እንላቸዋለን። ጋላክሲያቸው ሲፈርስ እነሱ ሳይፈርሱ ወደ እኛ ገቡ፤ ዛሬም ከእኛዎቹ ክላስተሮች ጋር ተደባልቀው ይዞራሉ። የእኛ ሥራ እያንዳንዷን እያነሳን "አንቺ የማን ልጅ ነሽ?" ማለት ነበር። የአንድ ቤት ልጆች የሆኑትን ለይቶ ማሰባሰብ ከተቻለ፣ የፈረሰው ጋላክሲ ምን ያህል ትልቅ እንደነበረና በየትኛው ዘመን እንደገባ መገመት ይቻላል።

ጋሽ ይመር ሦስት ምስክር ይጠሩ ነበር። የመጀመሪያው ዕድሜ ነው። አብረው ከተወለዱ ከዋክብት ትልልቆቹ ነዳጃቸውን ቀድመው ስለሚጨርሱ፣ የቀሩትን አይቶ የመንደሩን ዕድሜ ማወቅ ይቻላል። ሁለተኛው ብረት ነው። ብረት በከዋክብት ውስጥ እየበሰለ ከትውልድ ወደ ትውልድ ይጠራቀማል፤ ብዙ ምድጃ ያለው ትልቅ ጋላክሲ ቶሎ ያጠራቅማል፣ ትንሹ ይዘገያል። ስለዚህ ሁለት እኩያ ክላስተሮች አንዷ ብረት ከበዛላት፣ ሌላዋ ካነሳት፣ ያደጉበት ቤት የተለያየ ነው ማለት ነው። ሦስተኛው የሚዞሩበት መንገድ፣ ምህዋራቸው ነው። አብረው የገቡ ክላስተሮች ዛሬ አንዷ በሰማዩ ወዲህ ጫፍ፣ ሌላዋ በወዲያ ጫፍ ብትታይም አካሄዳቸው ይመሳሰላል። አንዱ ምስክር ብቻውን አይበቃም። ሦስቱ ካልተስማሙ ክላስተሯ በይደር ትቀመጣለች።

ከሥራ ባልደረቦቼ አንዱ ታምራት ነበር፤ የኮምፒውተር ፕሮግራሙን ሁሉ የሚጽፍልን እሱ ነው፣ ቀልደኛና ፈጣን ሰው። አንድ ቀን ሰሌዳውን በሁለት ዓምድ ከፍሎ በአንዱ ላይ "ነባር"፣ በሌላው ላይ "መጤ" ብሎ ጻፈ። ጋሽ ይመር ከመቀመጫቸው ተነሥተው "መጤ" የሚለውን በኮታቸው እጅጌ አጠፉት። በዚህ ቃል ስንት ሰው ከቤቱ እንደወጣ እያወቅህ ሰማይ ላይ ደግሞ ታወጣዋለህ ወይ ብለው ተቆጡ። ከዚያ ጠመኔውን ተቀብለው በአንዱ ዓምድ "የቤት ልጅ"፣ በሌላው "አማች" ብለው ጻፉ። ታምራት መሳቅ ቢጀምርም ስሙ በዚያው ጸና። ውጭ ለሚታተም ጽሑፍ በእንግሊዝኛው ወግ እንጽፋለን፤ እርስ በርሳችን ግን እስከ ጡረታዬ ድረስ የቤት ልጅና አማች ነው የምንለው።

የሐሙስ ስብሰባችንም የራሱ ደንብ ነበረው። በእኛ አገር አባጋሮች፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም የሚሰማቸው አስታራቂ ሽማግሌዎች፣ ለነገር ሲቀመጡ ዋስ ይጠራል። ጋሽ ይመር ይህን ልማድ ለክላስተር አመጡት። አንዲትን ክላስተር ከነበረችበት ዓምድ አንሥቶ ወደ ሌላ ሊወስዳት የፈለገ ሰው ከሳሽ ይሆናል። እሷ አፍ የላትምና ሌላ ሰው ዋስ ይቆምላታል። የዋሱ ሥራ ባለው ሁሉ መከራከር ነው፤ ዕድሜዋ በማን ዘዴ ተለካ፣ ርቀቷ ላይ ስንት ስሕተት አለ፣ ምህዋሯ ቢቀየርስ እያለ ከሳሹን ማስጨነቅ። ዋሱ ራሱ ቆሞ "ረታችሁኝ" ካላለ ክላስተሯ አትነካም። መጀመሪያ ጊዜ ሳየው ጨዋታ መስሎኝ ነበር። ከጥቂት ወራት በኋላ ግን ለአንዲት ክላስተር ተከራክሬ ሳልረታ ስቀር እራት መብላት አቃተኝ።

የረታሁባትንም አልረሳትም። ብረቷ እጅግ ያነሰ አንዲት ክላስተር ነበረች፤ ሁሉም በአንድ አፍ አማች ናት አላት። ዋስነቱ ለእኔ ደረሰ። ምህዋሯን ስከተል ከጋላክሲው መሐል ፈቀቅ ብላ አታውቅም፤ ዕድሜዋም ከጥንታውያኑ ውስጥ ነው። ቤቱ ገና ድሃ ሳለ የተወለደች የበኩር ልጅ ናት፣ ብረት ያነሳት ለዚህ ነው ብዬ ተከራከርኩ። ጋሽ ይመር ሰምተው ሲጨርሱ ከሳሹን ታምራትን "ተረታህ መሰለኝ" አሉት። ያን ቀን ወደ ደሴ ስንመለስ የሚኒባሱን ሒሳብ እሳቸው ከፈሉልኝ፤ ከእሳቸው ዘንድ ሽልማት ማለት ይህ ነው።

ሁለታችንም ደሴ ስለምንኖር በየቀኑ በሐረጎ ተራራ ቁልቁለት ወርደን ማታ ሽቅብ እንመለሳለን። እኔ ሆዴን ይዤ ጠመዝማዛውን ስቆጥር እሳቸው ጭናቸው ላይ ወረቀት ዘርግተው በእርሳስ ይሠራሉ። ቁጥር በእርሳስ፣ ውሳኔ በእስክርቢቶ ነበር ደንባቸው። በእስክርቢቶ ሲጽፉ ያየኋቸው ጥቂት ጊዜ ነው። አንድ ቁጥር ይዤ ስቀርብ ከሁሉ በፊት "ከየት አመጣሽው?" ይሉኛል። የለካው ማነው፣ በምን ለካው፣ ሌላው የለካበት ዘዴ ከዚህ ጋር ይስማማል ወይ። መጀመሪያ ይህ ጥያቄ እንደ ሌባ የሚያስቆጥረኝ እየመሰለኝ ይከፋኝ ነበር። ኋላ ገበያ ወጥቼ ቅቤ ስገዛም እሱኑ እየጠየቅሁ ራሴን አገኘሁት። ለዚህ ጥያቄ ያለብኝን ምስጋና በምን ቃል እንደምገልጸው አላውቅም።

አለቃ ደግሞ አይጠፋም። በየጊዜው የተቀያየሩት ዲኖች ብዙዎቹ ደግ ሰዎች ነበሩ፤ ብቻ ምን እንደምንሠራ ለጎብኚ ማሳየት ይቸግራቸው ነበር። አንደኛው እንግዶች ይዘው መጥተው ቴሌስኮፑን አሳዩአቸው አሉን። ታምራት ኮምፒውተሩ ላይ ያለውን አቧራ በእጁ ጠርጎ ይሄው አላቸው። ዲኑ ደነገጡ፤ እንግዶቹ ግን ትሑቶች ነበሩና አጨበጨቡ።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። ሁላችንም በየፊናችን ተበተንን፤ እኔ ልጆቼን ይዤ ወጣሁ። ስንመለስ ክፍላችን ውስጥ ከሰሌዳው በቀር ምንም አልነበረም። በሰሌዳው ላይ የቤት ልጅና አማች የሚለው ግማሹ ተፍቆ ግማሹ ይነበባል። ጋሽ ይመር በሩ ላይ ቆመው ረጅም ጊዜ አዩና "አብሽሩ፣ መረጃው ያለው እኛ ዘንድ አይደለም፤ እንደገና እናወርደዋለን" አሉ። እንዳሉትም ከሰው በተለመነ አንድ ኮምፒውተር ጀመርን። ከዚህ ሁሉ ዘመን አመስጋኝ የሆንኩበትን አንድ ጊዜ ምረጪ ብባል ያንን ሰሞን እመርጣለሁ፤ ምንም አልነበረንም፣ ሐሙስ ግን አልተቋረጠም።

ጋሽ ይመር ግን ተለውጠው ነበር። ጡረታቸው ቀርቧል፤ ግቢው ቆስሏል፤ ለዚህ ግቢ አንድ የሚያኮራው ነገር ሳልተውለት አልሄድም ይሉ ጀመር። ያ ነገር ሰባቱ ክላስተሮች ነበሩ።

ሰባቱ ከጋላክሲያችን ዳርቻ ላይ ናቸው፤ ሌላው ወዲህ ሲዞር እነሱ በተቃራኒው ይዞራሉ። ጋሽ ይመር ከተማሪነታቸው ዘመን ጀምሮ ሲያስቡባቸው ኖረዋል። ሰባቱም ማንም ከማያውቀው ከአንድ የፈረሰ ጋላክሲ አብረው የገቡ ናቸው ብለው ያምኑ ነበር። ለዚያ ጋላክሲም በልባቸው ስም አውጥተውለታል፤ በየቀኑ በሚመላለሱበት ተራራ ስም ሐረጎ ይሉታል። ጉም ሲሸፍነው የለም ይባላል፣ እኔ ግን እዚያው እንዳለ አውቃለሁ ይሉኝ ነበር በሚኒባሱ መስኮት እያሳዩኝ። እውነት ከሆነ፣ ሳይንስ የማያውቀውን አንድ ጋላክሲ ከኮምቦልቻ ሆነው አገኙ ማለት ነው። ሐሰት ከሆነ ዕድሜ ልካቸውን ያሳደዱት ነገር ባዶ ነው።

አንድ ሐሙስ ከሳሽ ሆነው ቀረቡ። ዕድሜውን፣ ብረቱን፣ ምህዋሩን ደረደሩ። ዕድሜና ብረቱን በአንድ ሥዕል ላይ ሲያሳዩን ሰባቱ ከሁሉም ተለይተው በራሳቸው መስመር ተሰልፈው ታዩ፤ ያምር ነበር። ሲጨርሱ እንደ ደንቡ "ዋስ የሚቆም?" አሉ።

ማንም አልተናገረም። ለሌላ ክላስተር ቢሆን ሦስት ሰው ይሻማል። ሽበታም መምህርን፣ ያውም ጡረታው በደረሰበት ዓመት፣ ፊት ለፊት ቆሞ መሞገት ግን በእኛ ዘንድ የሚቻል ነገር አይመስልም። ታምራት ሻይ መቅዳት ጀመረ፤ ሌላው ስልኩን ተመለከተ፤ እኔ መሬት መሬት አየሁ። ጋሽ ይመር ዝምታውን እንደ ስምምነት ቆጠሩት። እስክርቢቷቸውንም አወጡ።

ውጤቱን ለአገር ውስጥ ጉባኤ አቀረቡት፤ ተጨበጨበላቸው። ጽሑፉም ውጭ አገር ለሚታተም መጽሔት ተላከ። ዲኑ ደስታቸውን አልቻሉትም፤ የጋሽ ይመርን መሸኛና የሐረጎን ማብሰሪያ በአንድ ቀን እንዲሆን አሰቡና እንግዶች መጥራት ጀመሩ።

በዚህ መሐል ከዋክብትን ከሰማይ ላይ የሚለካው ሳተላይት አዲስ ልኬት ተለቀቀ። ጽሑፉ ከመታተሙ በፊት ቁጥሮቹን በአዲሱ ልኬት የማደስ ሥራ ለእኔ ደረሰ። ቀላል ሥራ ነበር። ርቀቱን ስቀይር ግን ሁለቱ ክላስተሮች መንገዳቸውን ቀየሩ፤ ከሌሎቹ ጋር አብረው የሚሄዱ መሆናቸው ቀረ። ደነገጥኩ። ያኔ በእሳቸው ልማድ በእያንዳንዱ ቁጥር ላይ ከየት መጣ እያልኩ ከሥሩ መመርመር ያዝኩ። የሰባቱ ዕድሜ ከሁለት ምንጭ ነው የተወሰደው። አንደኛው ምንጭ በራሱ ዘዴ ስለሚለካ ክላስተሮችን ሁሉ ከሌላው ይልቅ ልጅ አድርጎ ያሳያል። ሰባቱን በራሳቸው መስመር ያሰለፋቸው ይህ ልዩነት ነው። ዕድሜያቸውን በአንድ ሚዛን ሳደርገው መስመሩ ፈረሰ። ሁለቱ የቤት ልጆች ሆኑ፤ አራቱ ሁሉም ሰው አስቀድሞ ከሚያውቀው አንድ ትልቅ የገባ ጋላክሲ ልጆች ጋር ገጠሙ፤ አንዷ በይደር ቀረች። ሐረጎ የሚባል ጋላክሲ የለም።

ለታምራት አሳየሁት። እሱም በራሱ ፕሮግራም ደግሞ ሠራውና እንደ እኔው ሆነበት። ቀልዱ ጠፋበት። እንዲህም መከረኝ፤ ሽማግሌው በክብር ይሸኙ፣ የመጽሔቱ ገምጋሚዎች ላያዩት ይችላሉ፣ ካዩትም ያኔ እሳቸው ቤታቸው ናቸው፣ እኛ ቀስ ብለን እናርመዋለን። ክፉ ምክር አልነበረም፤ የሚወዳቸው ሰው ምክር ነው። እኔም ልቀበለው ምንም አልቀረኝም ነበር። ያልተቀበልኩት ሌላ ሰው፣ የማያውቃቸውና የማይወዳቸው ሰው፣ በሩቅ አገር ሆኖ ያንን የራሳቸውን ጥያቄ ሲጠይቃቸው እየታየኝ እንቅልፍ ስለነሳኝ ነው።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ጠብቄ ቧንቧ ውሃ የሚባለው ሰፈር ወዳለው ቤታቸው ሄድኩ። ገና ነጠላቸውን አላወለቁም። ስለ ልጆቼ ጠየቁኝ፤ ስለ ጤናቸው ጠየቅኋቸው። ከዚያ ነገሩ አፌ ላይ አልቀመጥ አለኝ።

"ጋሼ፣ ለሰባቱ ዋስ ልቁም ብዬ ነው የመጣሁ።"

ነጠላቸውን አጣጥፈው ወንበሩ ላይ አስቀመጡ። "አሁን?"

"አሁን። ዘግይቻለሁ፣ አውቃለሁ።"

"ትረቺኛለሽ?"

"ወላሂ ጋሼ፣ እርስዎ ቢረቱኝ ነው የምወድ።"

ምን እንዳገኘሁ አልጠየቁኝም። ሐሙስ ይዘሽው ነይ፣ አሁን ከነገርሽኝ ለከሳሽ አግዘሻል ማለት ነው፣ ደንቡን አታፍርሺ አሉኝና ምሳ ሳልበላ እንዳልሄድ አዘዙኝ። ቀኑ ጾም ስላልነበረ ለእኔ ብለው እንቁላል አስጠበሱልኝ።

ሐሙስ ዕለት ክርክሩ ከምሳ በኋላ ተጀመረ። ይራሩልኛል ብዬ ከነበረ ተሳስቻለሁ። በአዲሱ ልኬት ላይ ያለኝን እምነት ገለባበጡት፤ የምህዋሩን ስሌት በሦስት ዓይነት መንገድ አስደገሙኝ፤ ሁለቱ ክላስተሮች ቢወጡ እንኳ አምስቱ ይቆማሉ ብለው ያዙኝ። እንዲያ ሲከራከሩ አይቻቸው አላውቅም፤ ለሰባቱ ሳይሆን ለሕይወታቸው ነበር የሚሟገቱት። በመጨረሻ የዕድሜው ሰንጠረዥ ላይ ደረስን።

"ጋሼ፣ ይህን ዕድሜ ከየት አመጡት?" አልኳቸው።

ሁላችንንም ሲጠይቁን የኖሩትን እሳቸውን ማንም ጠይቋቸው አያውቅም። መነጽራቸውን አውልቀው ወረቀቱን ወደ ዓይናቸው አስጠጉ። ጣታቸው ከአንዱ መስመር ወደ ሌላው ሄደ፤ ሁለቱ ምንጮች ላይ ሲደርስ ቆመ። ከዚያ ወንበራቸውን ተደግፈው ተነሡ።

"ረታሽኝ" አሉ።

ኮታቸውን አንሥተው ወጡ። ያን ማታ በሐረጎ ዳገት ብቻዬን ተመለስኩ፤ ሻርፔን ፊቴ ላይ ጥዬ አለቀስኩ። የማሸነፍን ያህል የሚያቃጥል ነገር እንደሌለ ያን ቀን አወቅሁ። በሚቀጥለው ሐሙስ አልመጡም። በዚያ ቀን እኛ ብቻችንን ተቀምጠን አንድ ደንብ ጨመርን፤ ከሳሹ ትልቅ ሰው ሲሆን ዋሱ በዕጣ ይወጣል፣ ዕጣ የደረሰበትም እንቢ ማለት አይችልም። በዕጣ ከሆነ ድፍረት አይባልም። ደንቡ ዛሬም አለ፤ እኔም በመጨረሻዎቹ ዓመታት ሁለት ጊዜ ተረትቼበታለሁ።

ጋሽ ይመር ጽሑፉን ራሳቸው ከመጽሔቱ አስመለሱት። የመሸኛው ቀን ግን አልተሰረዘም። ዲኑ ስለ ሐረጎ ምንም ሳይነሣ እንዲያልፍ አድርገው ጋቢ አለበሷቸው። ጋሽ ይመር ሲናገሩ የግቢውን ጥበቃዎችና የሚኒባስ ሾፌሮችን አመሰገኑ፤ ሳቅ ሆነ፤ ተቀመጡ። ከኋላዬ የተቀመጠ አንድ መምህር ለጓደኛው፣ እኚህ ሰውዬ ይህን ሁሉ ዓመት ምን አገኙ ሲለው ሰማሁ።

ነገሩ ግን በዚያ ማለቅ አልቻለም። በጉባኤው የሰሙት ሰዎች ሰባቱን እንደ አንድ ቤት ልጆች ቆጥረው መጥቀስ ጀምረው ነበር። የሁለት ምንጭን ዕድሜ ማደባለቅ ምን እንደሚያመጣም ለሌላው መነገር አለበት። ስለዚህ ሐረጎ የሚባል ጋላክሲ እንደሌለ የሚያሳየውን ጽሑፍ እኔና ታምራት ጻፍነው። ጽሑፉ ሲያልቅ የእኔንና የታምራትን ስም ብቻ አደረግሁበት። እንደ ደግነት ቆጥሬው ነው፤ ስማቸው በሌለበት የማን ስሕተት እንደነበረ ለማያውቅ አይታወቅም።

ሳላሳያቸው ልልከው አልቻልኩምና አንድ ጠዋት ይዤላቸው ቧንቧ ውሃ ሄድኩ። ዓይናቸው ደክሟል። ወደ መስኮቱ ተጠግተው ቀስ ብለው አነበቡት፤ በመሐሉ እርሳስ ጠይቀው አንድ ቦታ ላይ የተረሳ የርቀት ስሕተት አረሙልኝ። ሲጨርሱ ወደ መጀመሪያው ገጽ ተመለሱና ከርዕሱ ሥር ያለውን በጣታቸው ፈለጉ።

"የእኔ የት አለ?"

"ጋሼ፣ ነገሩ እርስዎን የሚነካ ነው ብዬ ተውኩት። ቢቀር ይሻላል።"

ወረቀቱን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው ወደ ውጭ አዩ። የተቆጡ መሰለኝ፤ አልነበሩም።

"ዘይነባ" አሉኝ፤ "ልጁ ሲቀበር ከቤቱ የሚቀር አባት አይተሽ ታውቂያለሽ?"

"አላውቅም ጋሼ።"

"እንግዲያ ጻፊኝ።"

እርሳሱን ልቀበላቸው ብል እንቢ አሉኝ፤ የእሳቸውን እስክርቢቶ ሰጡኝና በእሱ ከእኔ ስም ቀጥዬ ጻፍኳቸው።